ሲስቅ የተሳለው አባቴ

አባቴ ፎቶግራፍ አልነበረውም። ለመታወቂያ የተነሣው አንድ ጉርድ ፎቶ ነበር፤ እሱም መንግሥት ሲለወጥ ከቀበሌው ወረቀት ጋር የት እንደደረሰ አይታወቅም። ስለዚህ በዚያ ክረምት ታሞ ሲሞት መልኩም አብሮት ሄደ። ከቀብሩ በኋላ ለቀስተኛው ሲበተን እናቴን የያዛት ጭንቀት ይኸው ነበር። "ዐይኔን ስጨፍን ግንባሩ ይመጣልኛል፣ አፉ ግን አይመጣም። መልኩ ሊጠፋብኝ ነው ልጄ" ትለኛለች። እኔ ሰው ማጽናናት አልችልበትም። የሚያሳዝን ነገር ሲገጥመኝ የሚቀናኝ መቆጣት ነው።

ያኔ አሶሳ ከተማ ውስጥ ጀማሪ መምህርት ነበርኩ። ወላጆቼ የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰዎች በሰፈሩበት መንደር ነው። መንደሩ ስም የለውም፤ በቁጥር ነው የሚጠራው። አዲሱ ክልልም ያን ሰሞን "ክልል ስድስት" ይባል ነበርና፣ በቁጥር ክልል ውስጥ በቁጥር መንደር ያደግኩ ሰው ነኝ እያልኩ በራሴ እቀልድ ነበር። እየቆየ ቀልዱ መረረኝ። ከተማው በአዳዲስ ቢሮና በአዳዲስ ማኅተም ተሞልቶ ነበር፤ የገባህበት ሁሉ መጀመሪያ የምትጠየቀው ማን እንደሆንክ ነው። የኛ መልስ "ሰፋሪ" ነበር። ይህን ስትናገር የጠያቂው ፊት ትንሽ ይዘጋል። ገበያ ላይም "መቼ ነው አገራችሁ የምትገቡት?" የሚል ጎረምሳ አይጠፋም ነበር። ከጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ ወሎ ተመልሰዋል፤ ታላቅ ወንድሜም ከነሱ ጋር ሄዷል። የእናቴም ልብ ከሄዱት ጋር ነበር። ማታ ማታ "እንሂድ" ትለዋለች አባቴን፤ እሱ ደግሞ እጁን ታጥቦ፣ ራቱን በልቶ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይተኛል።

ክረምቱ እንደወጣ ከአዳዲሶቹ ቢሮዎች አንዱ በከተማው አዳራሽ የሥዕል ትርኢት አዘጋጀ። "የክልላችን ሕዝቦች በከሰል ሥዕል" ይላል በሩ ላይ የተንጠለጠለው ጨርቅ። አሶሳ የሥዕል ትርኢት አይታ አታውቅም፤ ስለ ከሰል ደግሞ የምታውቀው በጆንያ ታስሮ የሚመጣውን ነው። ተማሪዎቼን አሰልፌ ስወጣ የሥራ ባልደረባዬ "ምድጃውንም ያሳዩአችኋል?" ብሎ ቀለደብኝ።

አዳራሹ ውስጥ ግድግዳው ዙሪያውን በሽመል፣ ማለትም በአገሩ ቀርከሃ፣ ፍልጥ ተሸፍኖ፣ በላዩ ላይ ትልልቅ ነጭ ወረቀቶች በስፒል ተሰክተዋል። በየወረቀቱ ላይ አንድ ፊት አለ፤ በስስ ላስቲክ ተሸፍኗል። ፊቶቹ ከሰው ፊት ይበልጣሉ። አንዳንዶቹ ግማሽ ፊት ብቻ ናቸው፣ ሌላው ግማሽ ጥቁር ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ከፊታችን የቆሙ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ አስተውለው ካዩ በኋላ "ቀለሙስ?" ብለው ጓደኛቸውን ጠየቁ። "በጀት ሲለቀቅ ይቀቡታል" አለ ጓደኛቸው። ከልቡ ነው የተናገረው። በዚያ ዓመት ሁሉ ነገር በጀት ይጠብቅ ስለነበር እኔም ልስቅበት አልቻልኩም።

ሠዓሊው ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ቀጭን ወጣት ነው። ተማሪዎቼን ሰብስቦ ከሰሉን እንዴት እንደሚሠራ አሳያቸው። ቀጫጭን የሽመል እንጨት ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ጠቅጥቆ፣ ክዳኑን በጭቃ መርጎ እሳት ውስጥ ይቀብረዋል። አየር ካልገባ ዐመድ አይሆንም፣ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ከሰሉ ወረቀቱ ላይ እንዲያዝ የሚረጨው መድኃኒት ስላልደረሰለት ሥዕሎቹ በእጅ ቢነኩ ይጠፋሉ። "በአፋችሁ እንኳ እንዳትነፉባቸው" አላቸው። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው በግድግዳው ሥር በሰልፍ ሄዱ፤ እኔም ከኋላቸው ተከተልኩ።

በአንዱ ወረቀት ላይ ገበያ በወጣሁ ቁጥር የማላጣውን አንድ ሽማግሌ አየሁ፤ ማንጎና ሽመል የሚሸጥ የበርታ ሰው ነው። ወደ ጎን ዞሮ አፉን ከፍቶ አንድ ነገር ይናገራል። ከሱ ቀጥሎ ባለው ወረቀት ላይ አባቴ ይስቃል።

ኮፊያው ወደ ኋላ ሸርተት ብሏል። በአፉ ጎን የጎደለችው ጥርሱ እዚያም ጎድላለች። ዐይኖቹ በሳቅ ተጨፍነዋል፣ የአንገቱ ጅማት ተወጥሯል፣ ራሱን ወደ ሽማግሌው አዘንብሏል። ሠዓሊው ዙሪያውን አጥቁሮ ጥርሱን ሳይነካ ትቶታል፤ ጥርሱ ወረቀቱ ራሱ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያላለቀስኩትን ያህል እዚያው በተማሪዎቼ ፊት አለቀስኩ። ከዚያ ዕንባዬን ጠርጌ ከሥሩ የተጻፈውን አነበብኩ። "የበርታ ሽማግሌ፣ አሶሳ ገበያ" ይላል።

ደሜ ፈላ። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ አሶሳ ገበያ በርበሬ ይሸጥ ነበር። ከበርታ ሽማግሌዎች ጋር ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነው የሚውለው፤ ሩጣና የሚባለውን ቋንቋቸውንም እዚያው ተቀምጦ ለመደው። ሶላቱንም ከነሱ ጋር ነው የሚሰግደው። ኮፊያውን ግን ከወሎ ነው ይዞት የመጣው። ልጆቹን ወደ ውጪ አስወጥቼ ሠዓሊውን ያዝኩት።

"ይኼ አባቴ ነው" አልኩት።

ፊቱ በራ። "እውነት? እኔ እኮ ከየት እንደማገኘው ጨንቆኝ ነበር! ሥዕሉን ላሳየው ብዬ ገበያ ሁለት ጊዜ ሄጄ አጣሁት።"

"ሞቷል። በርታም አይደለም። ወሎዬ ነው፣ ሰፋሪ ነው።"

ፈገግታው ጠፋ። "በሩጣና ሲያወራ ነበር እኮ። ጀለቢያ ለብሷል፣ ኮፊያ አድርጓል…"

"ጠይቀኸዋል?"

"እኔ ስሥል ሰው አላናግርም። ካናገርኩት ፊቱን ያስተካክላል፤ ከዚያ በኋላ የማገኘው ለፎቶ የተዘጋጀ ፊት ነው።" ጥፍሩ ውስጥ የገባውን ከሰል መፈልፈል ጀመረ። "ይቅርታ አድርጊልኝ። እንደምትይው ከሆነ አወርደዋለሁ።"

"ለምን ታወርደዋለህ? ጽሑፉን አስተካክለው።"

"ምን ብዬ? ትርኢቱ የአምስቱ ብሔረሰቦች ነው፤ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ። ሌላ አትጨምር ተብያለሁ።" ወደ በሩ ተመልክቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚኝ፣ ትርኢቱ ሲያልቅ ሥዕሎቹ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ አዳዲሶቹ ክልሎች አንድ ላይ የሚያሳዩበት ዝግጅት አለ። ከሄደ አላዝበትም። ከዚያ በፊት ከመጣሽ ግን አውርጄ እሰጥሻለሁ። አባትሽ ከሆነ ያንቺ ነው።"

ደግ ልጅ ነበር፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። አባቴ በርታ ከሆነ ግድግዳው ላይ ይቆያል፣ የኔ አባት ከሆነ ይወርዳል። አሥር ዓመት ያህል ያረሰው መሬት፣ የከፈለው ግብር፣ የተማረው ቋንቋ አንድ ስፒል አላስገኘለትም። ቢሆንም ፊቱን ማግኘቴ ከንዴቴ በለጠብኝ። ለእናቴ የጠፋባት አፍ እዚያ ግድግዳ ላይ አለ። ተማሪዎቼን ትምህርት ቤት አድርሼ በቀጥታ ወደ መንደራችን ሄድኩ።

እናቴ መጀመሪያ የተናገርኩትን አላመነችም። ካመነች በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር አስጨነቃት። "ሥዕል ያለበት ቤት ውስጥ እንዴት ይሰገዳል?" አለችኝ። ጥቂት አሰበችና ራሷ መለሰችው። "አልሰቅለውም። ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ሲናፍቀኝ ብቻ ከፈት አድርጌ አየዋለሁ። አላህ ልቤን ያውቀዋል።" ያን ሌሊት እንዳልተኛች ከትንፋሿ አውቄያለሁ። ጠዋት ስነሣ የታጠበች ነጠላዋን አጥፋ፣ ሥዕሉን የምትጠቀልልበት ብላ በክንዷ ይዛ በር ላይ ቆማለች። ጫማዋን ቅባት ቀብታዋለች። ወደ ሠርግ የምትሄድ እንጂ የሟች ባሏን ሥዕል ልታመጣ የምትሄድ አትመስልም ነበር፤ አንጀቴን በላችው።

በእህል ጫኝ አይሱዙ ከተማ ገባን። አዳራሹ ገና እየተከፈተ ነበር። ሠዓሊው እናቴን ሲያያት ጎንበስ ብሎ "እግዜር ያጽናዎት እናቴ" አላትና መንገዱን ለቀቀላት። ሥዕሎቹ ዘንድ ስንደርስ አንድ ሰው ቀድሞን ቆሟል። ማንጎ ሻጩ ሽማግሌ ነው። ትርኢቱ ከተከፈተ ጀምሮ በየቀኑ እየመጣ የራሱን ሥዕል እንደሚያይ ሠዓሊው በጆሮዬ ነገረኝ።

እናቴ ከአባቴ ሥዕል ፊት ቆመች። አላለቀሰችም። ነጠላውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ወደ ላይ አንጋጣ ታያለች።

"አፉ እንዲህ ነበር" አለች በመጨረሻ። "ሲስቅ እንዲህ ነበር። ለካ ረስቼው አይደለም። ከወሎ ከወጣን ወዲህ አላየሁትም።"

እውነቷን ነው። በሰፈራው በመጀመሪያው ዓመት ከእኔ በታች የነበሩ ሁለት ወንድሞቼ በወባ ሞተውብናል። የቀበርናቸው ከቤታችን ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ነው፤ በራችን ሲከፈት ይታያል። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሳቅ አልነበረም። አባቴ ይሠራል፣ ይሰግዳል፣ ይበላል፣ ይተኛል። እናቴም የሷን ሐዘን ይዛ ምድጃው አጠገብ ትቀመጣለች። ማናቸውም ስለ ልጆቹ አያነሡም፤ የሚያነሡት ስለ መሄድና ስለ አለመሄድ ብቻ ነበር።

ሽማግሌው ወደ እናቴ ጠጋ አለ። "አንቺ የሱ ሚስት ነህ?" አላት። የሱ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም።

"አዎ" አለች እናቴ።

"አላህ ይርሐሙ። ሳሂቢ ነበር፣ ጓደኛ ነበር። ከኔ ጋር ነው እዚህ የሚስቀው።" እጁን ከሱ ሥዕል ወደ አባቴ ሥዕል ወሰደ። "እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይስቃል። አየህ?"

"ምን እያላችሁት ነው የሚስቀው?"

"አህያ ነው!" አለና ከአሁኑ መሳቅ ጀመረ። "አህያ ገዛ። የሆሞሻ ሰው ነው የሸጠለት። ማታ ሆነ፣ አህያ ተነሣ፣ ሆሞሻ ሄደ። ጠዋት እሱ ሆሞሻ ሄደ፣ አህያ አመጣ። ማታ እንደገና ሄደ! እሱ አመጣ፣ አህያ ሄደ፣ እሱ አመጣ፣ አህያ ሄደ። ወላሂ! እኔ አልኩት፣ አንተ አህያ አልገዛም፣ አንተን ነው አህያ የገዛ። እሱ ምን አለ? 'ሚስቴና አህያዬ ተማክሯል' አለ። 'ሁለቱም ማታ ማታ አገሬ ልግባ ይላል' አለ። ሁላችን ሳቀ። ሆድ አመመን።"

ሠዓሊውም ሳቀ። እኔም ሳላውቀው ሳቄ አመለጠኝ። የእናቴ ፊት ግን አልተንቀሳቀሰም። ያ የአህያ ነገር ትዝ አለኝ። አባቴ ቤት ሲገባ የተናገረው "አህያዋ ጠፋች" የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር። እናቴ "አንተ ምን ይቀርሃል፣ ሁሉ ነገር እጅህ ላይ ይጠፋል" ብላ እስኪተኛ ድረስ ስታማርረው ሰምቻለሁ። አንድም ጊዜ አልመለሰላትም። እኔ ያኔ የከፋው መስሎኝ ነበር።

ሠዓሊው ወንበር ላይ ወጣና የላስቲኩን ጫፍ ማላቀቅ ጀመረ። የመጀመሪያውን ስፒል ነቅሎ ከንፈሩ መሐል ያዘው። ሽማግሌው ሲያየው ደነገጠ።

"የት ይወስደዋል?"

"ለቤተሰቡ ነው፣ አባባ" አለ ሠዓሊው በስፒሉ መሐል።

ሽማግሌው ሥዕሎቹን ተራ በተራ አያቸው። ሙግት አልገጠመም። "ቤተሰብ ከሆነ ጥሩ ነው" አለ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ "እሱ ከሄደ ግን እኔ ከማን ጋር ነው የሚያወራው?" ብሎ ጠየቀ። እውነትም የሱ ሥዕል አፉን እንደከፈተ ወደ አባቴ የዞረ ነው፤ አባቴ ከወረደ ለባዶ ሽመል ሲለፈልፍ ሊቀር ነው።

"ተወው ልጄ" አለች እናቴ ለሠዓሊው። "ይቆይ።"

ሠዓሊው ወንበሩ ላይ እንደቆመ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ቱግ አልኩ። "ምን ማለትሽ ነው እማ? ሌላ መልክ የለንም እኮ! አዲስ አበባ ከሄደ አይመለስም፣ ነግሬሻለሁ። መልኩ ጠፋብኝ እያልሽ ስታለቅሺ አልነበር?"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ?"

ከሥዕሉ ላይ ዐይኗን ሳትነቅል መለሰችልኝ። "እኔ ዘንድ ይዞት የሚገባውን ፊት አውቀዋለሁ፤ እሱ አይጠፋኝም። ይኼኛውን ለነሱ ነው የሰጠው። እነሱ ይያዙት።"

ሠዓሊው ስፒሉን ከአፉ አውጥቶ ምን እንደሚያደርግ ጨነቀው። "እናቴ፣ ጽሑፉም የተሳሳተ ነው" አላት፣ ምናልባት ሐሳቧን ትለውጥ እንደሆነ ብሎ። "ከሥሩ የበርታ ሽማግሌ ነው የሚለው።"

እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ጽሑፉን ግን ለአፍታ አየችው። "ይበል" አለች። "እዚህ ሲሆን ሌላ ሰው ነበር፤ ጽሑፉ አልዋሸም።"

ሠዓሊው ስፒሉን ወደ ቦታው መለሰው። ሽማግሌው ደስታውን ሊሸሽግ ሞክሮ አልቻለም። የእናቴን እጅ ይዞ "አላህ ይባርክህ፣ አላህ ይባርክህ" ይላታል። እሷም አሜን አለች። ነጠላውን ዘርግታ ራሷ ላይ ጣል አደረገችና ቀድማኝ ወጣች።

ሥዕሉ አዲስ አበባ ሄዶ በዚያው ቀረ። ከዓመታት በኋላ ለጉዳይ አዲስ አበባ ስገባ ያገኘሁትን ሁሉ ጠይቄያለሁ፤ የት እንደተቀመጠ የሚያውቅ አላገኘሁም። ሠዓሊውም ወደ ሌላ ክልል ተዛወረ ተባለ። አንዳንድ ቀን እናቴን በልቤ እወቅሳታለሁ። ልጆቼ አያታቸው ምን እንደሚመስል ሲጠይቁኝ በእጄ አየር ላይ እየሣልኩ ላሳያቸው እሞክራለሁ፤ ይሰለቻቸውና ጥለውኝ ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ንዴቴ ይመለሳል።

እናቴን የማልወቅሳት የዚያን ዕለት ስንመለስ የተነጋገርነው ትዝ ሲለኝ ነው። ብቻዋን እንዳትሄድ አብሬያት ተሳፈርኩ። አይሱዙው ላይ ከሹፌሩ ጎን ቦታ ሰጡን፤ እሷ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። እኔ በኩርፊያ አፌን ይዣለሁ። ከከተማው ወጥተን አስፋልት የሌለው መንገድ ላይ ስንገባ ድንገት ጠየቀችኝ።

"ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ሲወጣ አንቺ ዘንድ ይመጣ ነበር አይደል?"

"ይመጣ ነበር።"

"አንቺ ዘንድ ይስቅ ነበር?"

አይስቅም ልላት አሰብኩ። አባቴ ግን ኪራይ ቤቴ ውስጥ በርጩማዬ ላይ ተቀምጦ፣ ሻዩን ፉት እያለ የቤት አከራዬን አነጋገር ሲያስመስል፣ ሁለታችንም ጎረቤት እንዳይሰማን አፋችንን ይዘን ስንስቅ ትዝ አለኝ። ያን መካድ አልቻልኩም።

"ይስቅ ነበር" አልኳት።

"ጥሩ" አለች። በመስኮቱ የሚያልፈውን የሽመል ጫካ ታያለች። እኔ ግን መሐል ገብቼ ለአባቴ ልከላከልለት ሞከርኩ።

"እማ፣ ቤት ሲገባ የማይስቀው አንቺን ጠልቶ አይደለም። ልጆቹ ትዝ ስለሚሉት ነው። በሩን በከፈተ ቁጥር መቃብራቸውን እያየ እንዴት ይሳቅ?"

እናቴ ፊቷን ከመስኮቱ ወደ እኔ መለሰች። አልተቆጣችም። እኔ የምቆጣበትን ነገር ሁሉ እሷ እንዲህ በዝግታ ነው የምትናገረው።

"እኔም እኮ እናታቸው ነኝ" አለች። "እኔም በዚያው በር ነው ስወጣ ስገባ የኖርኩት። እሱ ገበያ ነበረው፣ ጓደኛ ነበረው፣ አንቺ ነበርሽው። እኔ ከማን ጋር ልሳቅ?"